ለሞሪያ ቤት ዕቃ ላዋሳችሁን ሁሉ፣ የምስጋና መልእክት

በደብሊን የምንኖር ኢትዮጵያውያን በአማርኛ ያዘጋጀነው «ወደ ባሕር ጋላቢዎች» ቴአትር በሰላም ተጠናቋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቆማችሁ ያያችሁ፣ ሕፃናት አዝላችሁ የመጣችሁ ሁሉ ክብረት ይስጥልን። ይህ ደብዳቤ ግን በተለይ ዕቃ ላዋሳችሁን ነው። በጆን ሚሊንግተን ሲንግ ድርሰት ውስጥ ሐዘኑን የተሸከሙት ዕቃዎቹ ናቸውና።

ሞሪያ ከአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ ባሻገር በአራን ደሴቶች የምትኖር አሮጊት ባልቴት ናት። አማቷን፣ ባሏንና ወንዶች ልጆቿን ባሕር በልቶባታል። የመጨረሻው ልጇ ባርትሊ ፈረስ ሊሸጥ ተሰናብቶ ይወጣል፤ በሸራ ተሸፍኖ ሬሳው ይገባል። ቴአትሩ ባለ አንድ ገቢር ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም እዚሁ ደብሊን እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ባሕሩ መድረክ ላይ አንድ ጊዜም አይታይም፤ የምናየው ማድቤቷን ብቻ ነው።

ነጫጭ ሳንቃዎቹን ያዋስከን አናጢ ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። ሞሪያ ለጠፋው ልጇ ለሚካኤል ሣጥን በውድ ዋጋ የገዛቻቸው ሳንቃዎች ከመጀመሪያው አንሥቶ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው በመጨረሻ ለባርትሊ ይሆናሉ። ምስማር ግን አልተገዛም። ያን ያህል ሣጥን ሲሠራ ያየች ሴት ምስማር እንዴት ትረሳለች? ልጇ ካትሊን እርጅናና ስብራት ነው ትላለች። እኔ ግን ምስማር መግዛት ሞቱን ማመን ስለሆነባት ይመስለኛል።

ካልሲውን በእጃቸው የሠሩልን እናታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። እንደ ድርሰቱ ስልሳ ቋጠሮ ጀምረው አራቱን ጣሉልን። ከመድረኩ ርቆ ማንም እንደማያየው ብንነግራቸውም «ልጅቷ ስትቆጥር እጇ ይወቀው» አሉን። የሞሪያን ልጅ ኖራን የሆነችው እህታችን፣ ከሰጠመ ሰው እግር የወጣው ካልሲ ለወንድሟ ለሚካኤል የሠራችው መሆኑን ለመለየት በጣቷ እየዳሰሰች ቆጥራ አራቱ ሲጎድሉባት፣ ከኋላ ወንበሮች «ወየው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከመካከላችን ዘመዱ በሜድትራኒያን ባሕር የቀረበት ጥቂት አይደለም። ሬሳ ሳያዩ በልብስ ምልክት ብቻ መርዶ መቀበል ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አላስፈለገንም።

ከዘራቸውን የሰጡን አባታችንንም እናመሰግናለን። ሞሪያ የሚካኤልን ዱላ ተመርኩዛ ስትወጣ፣ በሌላው ዓለም ሽማግሌ ለልጁ ያወርሳል፣ እዚህ ግን ለሽማግሌ ትቶ የሚሄደው ወጣቱ ነው የምትለውን እያሰበ ያነባ ብዙ ነው። ዳቦውን የጋገሩልን አየርላንዳዊት ጎረቤታችንም ይባረኩ። ባርትሊ ስንቁን ሳይዝ፣ ሳይመረቅም ይሄዳል፤ እናቱ ተከትላው ሄዳ ምርቃቱ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ዳቦውን እንደያዘች ትመለሳለች። መጨረሻ ላይ ዳቦ የሚቀርበው ሣጥን ለሚሠሩት ሰዎች ነው። ሲንግ ጨካኝ ጸሐፊ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው።

ቀይ ቀሚስ በራሳችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ገብታችሁ፣ ተንበርክካችሁ እየተወዛወዛችሁ በቀስታ ያለቀሳችሁ እናቶች፣ ሙሾውን ከአገር ቤት ይዛችሁ መጥታችሁ ለአራን ሴት አለቀሳችሁላት። የባርትሊን ቀይ ባዝራና የሞተው ሚካኤል ተቀምጦበት ለሞሪያ በራእይ የታያትን ግራጫ ፈረስ ከዮሐንስ ራእይ ስድስተኛው ምዕራፍ ፈረሶች ጋር አያይዘው የጠየቁን ካህንም ለተዋንያኑ ብዙ በር ከፍተውላቸዋል።

ከሁሉ በላይ ሞሪያን ሆነው የተጫወቱልን እናታችንን ነው የምናመሰግነው። የራሳቸውን ባለቤት ከቀበሩ ገና ብዙ አልቆዩም። የጠበሉን ኩባያ ያመጡት ከቤታቸው ነው። የቀረውን ጠበል በልጃቸው ላይ ረጭተው ኩባያውን በአፉ ሲደፉት አልጮኹም፤ ባሕሩ ከእንግዲህ ምንም ሊያደርጋቸው እንደማይችል የተናገሩትም እንደ ዕለት ወሬ ነው። እንዲህ እንዲሆን የመረጡት እርሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ያጽናልን፤ ውለታዎን አንረሳም።

ሳንቃውና ከዘራው ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ቀሚሶቹ ታጥበው ተተኩሰዋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእኔ ዘንድ ትወስዳላችሁ።