ቺንጋ በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በመኪና ዓምዳችሁ ላይ ስለ አሮጌ የጣሊያን የስፖርት መኪኖች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአብዛኛው የምስማማበት ቢሆንም፣ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደችውን እንዲመርጥ የተሰጠው ምክር ግን ሰው ለኪሳራ የሚዳርግ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች አንዲት ፊያት 124 ስፓይደር ግን ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ለ14 ዓመታት በገዛ እጄ እየጠገንኩ እነዳለሁ።

ስፓይደር በ1966 በቱሪን የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ቀርባ እስከ 1985 ድረስ የተመረተች ስትሆን፣ ከተሠሩት ውስጥ አብዛኞቹ የተሸጡት እዚሁ አሜሪካ ነው። ቅርጿን፣ ፒኒንፋሪና በሚባለው የጣሊያን የመኪና ንድፍ ድርጅት ሲሠራ የነደፈው ቶም ጃርዳ ነው፤ ሞተሯን ደግሞ ቀደም ሲል የፌራሪ መሐንዲስ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ላምፕሬዲ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ሁለት ካምሻፍት፣ ማለትም የአየርና የጭስ በር የሆኑትን ቫልቮላዎች የሚከፍቱ ዘንጎች፣ ካስቀመጠ በኋላ፣ በዚያ ዘመን የተለመደውን የብረት ሰንሰለት ትቶ በጥርሳም የጎማ ቺንጋ እንዲሽከረከሩ አደረገ። ቺንጋው ድምፅ አያበዛም፣ ዘይትም አይፈልግም። ይሁን እንጂ ጎማ ነውና መኪናዋ ብትሄድም ብትቆምም ይደርቃል።

የእኔን መኪና ስገዛ ቆጣሪዋ ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ በመሆኑ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ያሳየሁት መካኒክም ቺንጋውን በጣቱ ጫን አድርጎ ካየ በኋላ «ገና አዲስ ነው» አለኝ። በሦስተኛው ወር አውራ ጎዳና ላይ ተበጠሰ፤ ካምሻፍቶቹ ባሉበት ሲቆሙ ፒስተኖቹ ወደ ላይ እየወጡ ክፍት የነበሩትን ቫልቮላዎች አጎበጧቸው። በኋላ የቀድሞው ባለቤት ትቷቸው የሄደውን ደረሰኞች ሳገላብጥ፣ «አዲስ» የተባለው ቺንጋ ከገባ 11 ዓመት ሆኖት እንደነበር ተረዳሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ የሄደችው 3,000 ማይል እንኳ አይሞላም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብነዳትም ባልነዳትም በየ3 ዓመቱ እለውጠዋለሁ። ሥራው አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል፤ ጥንቃቄው ግን ምልክቶቹ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፒስተን የላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሁለቱ ካምሻፍት ፑሌጆች (ቺንጋው የሚዞርባቸው ጥርሳም መሽከርከሪያዎች) ምልክት ከቦታው መግጠም አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ዝቅ ብሎ ያለውንና የዘይት ፖምፓውን የሚያሽከረክረውን ሦስተኛውን ዘንግ ነው። በዚህ ዘንግ ላይ ያለው የነዳጅ ፖምፓ መግፊያ ከቦታው ውጪ ከታሰረ የሁለተኛውን ሲሊንደር ቢዬላ (የፒስተኑን ክንድ) ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የማስነሻ ቁልፍ ሳይነካ በፊት ሞተሩን በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሮ ምልክቶቹን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። የቺንጋው መወጠሪያ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም አብሮ ይለወጥ፤ እሱን ለመቆጠብ ብሎ አሮጌውን መመለስ ቺንጋውን እንዳልለወጡት ይቆጠራል።

መቆም የሚጎዳው ቺንጋውን ብቻ አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ሳይነዳም ይበላሻል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ደግሞ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ስለሚያብጡ፣ ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። «የጣሊያን ኤሌክትሪክ» እየተባለ የሚታማውም ቢሆን፣ እኔ ካገኘኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የዛገ የመሬት ሽቦ ወይም ፊውዙ የሚቀመጥበት መዳብ መቆሸሽ ነበሩ፤ በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው የሚጨርሱት ሥራ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ ጋራዥ የቃረምኩት ቋንቋ እዚህ ጠቅሞኛል። ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ጣሊያንኛ ስለሆኑ፣ አሜሪካዊው ጎረቤቴ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚታገለውን የጥገና መጽሐፍ እኔ ግማሹን ሳላስተረጉም አነበዋለሁ።)

ሁሉም ሥራ በቤት ይሠራል ማለቴ ግን አይደለም። ከፊት ጎማዎቹ በላይ የአሞርቲዘሩ (የንዝረት ማብረጃው) ጫፍ የሚታሰርበት ላሜራ ከዛገ፣ ብየዳው የመኪናዋን ጎማ አቅጣጫ የሚወስን ስለሆነ ለባለሙያ መተው አለበት። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ለማንም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን የተከለከለ ነው፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሥሩ ሳይገባ ቡሎን አይፈታም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ምክሩ እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ። ገዢው ቆጣሪውን ከማየቱ በፊት ቺንጋው የተለወጠበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ደረሰኙ ከሌለ የቺንጋውን፣ የኩሽኔታውንና የፍሬን ቱቦዎቹን ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ያስቀንስ፤ እነዚህ ሳይለወጡም መኪናዋን እየነዳ ወደ ቤቱ አይውሰዳት፣ አስጭኖ እንጂ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ