የኮንትሮል ዲዛይን ሰዓት በመቶኛ አይገመት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የፋብሪካ ፕሮጀክቶች ለምን እንደሚጓተቱ በተጠየቀ ቁጥር የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የወደብ መዘግየት ይነሳሉ፤ የዲዛይን ሰዓት አገማመት ግን ስሙም አይጠራም። በኢንስትሩመንቴሽንና ኮንትሮል (የፋብሪካ መለኪያና መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች) ዲዛይን ለዓመታት እንደሠራ መሐንዲስ፣ ችግሩ ጨረታው ገና ሲዘጋጅ፣ የእኛ ሥራ የኤሌክትሪክ ዲዛይኑ «ይህን ያህል በመቶ» ተብሎ ሲመደብ እንደሚጀምር ደጋግሜ አይቻለሁ።

የፋብሪካውን ቧንቧዎች፣ ታንኮችና መለኪያዎች በሚያሳየው የፒ ኤንድ አይዲ ሥዕል ላይ «ኤልቲ» የሚሉ ፊደላትና መለያ ቁጥር የተጻፉባት አንዲት ትንሽ ክብ የታንክ ከፍታ መለኪያን ታመለክታለች። ይህቺ ክብ የፈሳሹን እፍጋት፣ ግፊትና ሙቀት የሚይዝ ዳታ ሺት (የመሣሪያው መግለጫ ቅጽ)፣ የአገጣጠም ሥዕል፣ በኬብል ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር፣ ኬብሎች በሚገናኙበት ጃንክሽን ቦክስ ውስጥ ተርሚናሎች (የሽቦ ማሰሪያ ነጥቦች)፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሆነውን ምልክት የሚቀበል የፒኤልሲ (የመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር) መግቢያ፣ በኦፕሬተሩ ስክሪን ላይም የማንቂያ ወሰን ትፈልጋለች። መለኪያው በሌላ ዓይነት ቢተካ አብዛኞቹ ሰነዶች እንደገና ይታያሉ።

ስለዚህ ግምቱ ከመሣሪያዎች ዝርዝር መነሳት አለበት፤ ሆኖም ቆጠራ ብቻውን አይበቃም። ተመሳሳይ የሆኑ 40 ፓምፖች ቢኖሩና ለመጀመሪያው 12 ሰዓት፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ማረሚያውን ጨምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያዝ፣ ጠቅላላው 70 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሁሉንም በ12 ያባዛ ግን 480 ሰዓት ይጠይቃል። የቦይለር በርነር (የእንፋሎት ማመንጫው እሳት ማንደጃ) አነሳስ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። መግቢያና መውጫዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ምድጃውን በአየር ከማጽዳት ጀምሮ ነበልባሉ መያዙን እስከ ማረጋገጥ ድረስ እያንዳንዱ እርምጃ ሳይሳካ ቢቀር ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ስለሆነ ይህን በመግቢያና መውጫ ነጥቦች ብዛት መገመት አደገኛ ነው።

በአንድ የምግብ ፋብሪካ ሥራ ላይ ሥዕሉ ገና ለአስተያየት እንደቀረበ ሰዓቱን ቆርጠን ፈረምን። ሥዕሉ ጸድቆ ሲመጣ አንድ ሙሉ የእንፋሎት መስመር ተጨምሮበት ነበር፤ ውላችን ግን ስለ ለውጥ የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም። ወጣት መሐንዲሶች እያመሹ የኬብል ዝርዝሩን አረሙ፤ በድካም የተዛነፉት የተርሚናል ቁጥሮች የተገኙት በተከላው ወቅት፣ ካቢኔው ፊት ቆመን ሽቦ በሽቦ ስንፈትሽ ነበር። እነዚያን ልጆች ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሠሪ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው የመሣሪያዎቹን ዝርዝርና የሥዕሉን የክለሳ ደረጃ እንዲያያይዙ፣ የአቅራቢዎችን ሰነድ ለመመርመርና በአምራቹ ፋብሪካ ለሚደረገው ፍተሻ የሚወጣውን ሰዓት ለብቻው እንዲጠይቁ፣ ሥዕሉ ሲጸድቅም ግምቱ እንደገና እንዲታይ በውሉ እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ። እኛ አማካሪዎችም ሥራ በጨረስን ቁጥር ለእያንዳንዱ ሉፕ (ከመለኪያው እስከ መቆጣጠሪያው ላለው አንድ የምልክት መስመር) በእርግጥ የወጣውን ሰዓት መዝግበን ካላስቀመጥን፣ ለሚቀጥለው ጨረታ የምናቀርበው ቁጥር መነሻ አይኖረውም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኢንስትሩመንቴሽን መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ