የምግብ ዝግጅት ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ «ታዲያ ህንዱ የት አለ?»

ክበባችን ዘንድሮ የህንድ ምግብ ሲሠራ ከረመ። ሐሳቡ የአባቴ ነው። እሱ ህንዳውያን መምህራን ካስተማሩት ትውልድ ነው። ያኔ ብዙዎቹ ከኬረላ ነበር የሚመጡት። «ሒሳቡን ረስቼዋለሁ፤ ከቤታቸው የሚወጣው ሽታ ግን እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ» ይላል። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የሽታ ነገር ከተነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ደንባችን ቀላል ነበር። ዓርብ ከሰዓት በክበብ የሠራነውን እያንዳንዱ እሑድ ቤቱ ይደግመዋል። ከዚያ ቤተሰብ ያለውን ጽፎ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ነገር የማወጣ መስሏቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የደረደርኩት ግን እርድ፣ ከሙን፣ ድምብላል፣ አብሽ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ዝንጅብል ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አየት አየት አደረገና «ታዲያ ህንዱ የት አለ?» አለ።

ህንዱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እኛ ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን በደረቁ እናቁላላለን፤ ዘይቱ በኋላ ይመጣል። እነሱ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዘይቱ ነው። ሲግል ያልተፈጨ ከሙን ወይም ሰናፍጭ ይጨምሩበታል፤ ይንጣጣል። የቅመም መዓዛ ከውኃ ይልቅ ዘይት ውስጥ በደንብ ይሟሟል። ይህንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር የሚያዛጋ ልጅ እዚህ ዓይኑን አፍጥጦ ሰማኝ።

በዳል ጀመርን። 1 ብርጭቆ ምስር ክክ፣ 3 ብርጭቆ ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ጨው፤ እስኪላላ ማብሰል። ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ነው። በትንሽ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይግላል። 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል። ከነትኩሳቱ ምስሩ ላይ ሲገለበጥ ቿ ይላል። ተድካ ይሉታል። ሦስት ጊዜ አሳረርነው። ከሙን ለመጥቆር ሰከንዶች ይበቁታል፤ ከጠቆረ ደግሞ ይመራል። አንዲት እናት በልጃቸው ደብተር ላይ «ምስር አልጫ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ጮኸ» ብለው ጻፉ። የዓመቱ ምርጥ አስተያየት እሱ ነው።

«አሉ ጎቢ» ያልኩ ቀን አንዱ «ምን አሉ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። አሉ በሂንዲ ድንች ነው፤ ጎቢ አበባ ጎመን። የዚያን ቀን ጋራም ማሳላም ሠራን። ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄልና ከሙን አመስ አድርገን ፈጨን፤ ምግቡ ሊወርድ ሲል ነሰነስን። አንዲት ልጅ አሸተተችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ መከለሻ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ቅመሞቹ አንድ ባይሆኑም ሥራው ያው ነው። እኔ ስንት ዓመት ሳበስል አልታየኝም ነበር።

ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅቤና ወተት አልነካንም። የህንድ ምግብ ያለ ሥጋም ሙሉ ስለሆነ ብዙም አልተቸገርን። ዘንድሮ ግን የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሙስሊሞቹ ልጆች ሳይቀምሱ በማሽተት ብቻ ነው ያበሰሉት። የሽምብራውን ቻና ማሳላ በሳህን ይዘው ለአፍጥር ሄዱ። ጨው የበዛበት እንደነበር የሰማነው በሳምንቱ ነው።

ፓኒርን ለበዓለ ሃምሳ አቆየነው፤ ያኔ ዓርብም ይበላላ። አይብ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ነው የሚሠራው። ፓኒር ከነቅባቱ ወተት ነው። ሲፈላ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ በጨርቅ ተጠልሎ ክብደት ይጫንበታል። ሲጠበስ አይቀልጥም። ከ2 ሊትር ወተት የወጣው ከቡጢ ብዙም አይበልጥም። የወተትን ዋጋ ታውቃላችሁ፤ አልደገምነውም።

ዶሳ፣ ያቺ ስስ የህንድ ቂጣ፣ አሸነፈችን። ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ እንዲቦካ ያድራል። ኡራዱን ስላጣን በምስር ክክ ተካነው፤ ትንሽ አብሽም ጨመርን። ግን ብርዱ አላስቦካ አለን፤ ሊጡ እንደተኛ ነጋ። አንዷ ቤቷ ወስዳ ከእንጀራ ቡሖ አጠገብ አስቀመጠችው። ኩፍ አለላት። ችግሩ ምጣዱ ላይ መጣ። እንጀራ ከዳር ወደ መሃል ይዞራል፤ ዶሳ መሃል ላይ ፈስሶ በጭልፋ ወደ ዳር ይሰፋል። እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ እየተቀደደ ወጣ። የተቀደደውን በዳል ጨረስነው።

22 ሆነን ጀምረን 15 ቀረን። የእርድ ቢጫ ለመታጠብ ስለሚያስቸግር፣ ዩኒፎርማቸው ለተበላሸባቸው ቤተሰቦች ይቅርታ እንጠይቃለን። ለ2018 የሽርጥ መዋጮ ይኖራል። ዶሳውንም በመስከረም እንቀጥላለን፤ መጥበሻችን ከተገኘ። ከሰኔ ፈተና በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም። የወሰደ ካለ ለመለየት አይቸገርም፤ የጠቆረ ከሙን ታቹ ላይ ተጣብቋል።