«ዛሬ አንበርም» ማለትን ለማለማመድ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በዴንቨርና በኦሮራ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፦

አሥር ወጣቶቻችን በመጪው ሰመር የበረራ ትምህርት ሊጀምሩ ነው። የምንጠይቃችሁ ገንዘብ ግን አብዛኛው ለመብረር አይደለም፤ ምድር ላይ ለመቆየት ነው። ግራ ከገባችሁ፣ ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና በምትርቀው በሻያን፣ ዋዮሚንግ የደረሰውን እናስታውሳችሁ።

ኤፕሪል 11፣ 1996 ጠዋት አንዲት ሴስና 177 ቢ የተባለች አነስተኛ አውሮፕላን ከሻያን አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ተነስታ ብዙም ሳትርቅ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀች። የሰባት ዓመቷ ጄሲካ ዱብሮፍ፣ አባቷና አስተማሪዋ ሞቱ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በስምንት ቀን ደርሶ መልስ ለማቋረጥ ነበር ሐሳባቸው፤ ጋዜጠኞችም በየማረፊያው ይጠብቋቸው ነበር። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ጥፋቱን ያገኘው በኃላፊው አብራሪ፣ ማለትም በአስተማሪው ውሳኔ ላይ ነው። አየሩ እየከፋ፣ ክብደቱ ከወሰን አልፎ፣ ባልለመደው ከፍታ ላይ ተነሳ፤ ከዚያ ፍጥነቱን መጠበቅ አቃተውና አውሮፕላኗ ስቶል አደረገች፤ ማለትም ክንፏ ሽቅብ መያዝ አቃተው። የተጣበበው ፕሮግራምና ለሚዲያ የተሰጠው ቀጠሮ አስተዋጽኦ እንዳላቸው ተመዝግቧል። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ፈቃድ የሌለው ልጅ ለክብረ ወሰን ብሎ መሪ እንዳይዝ ሕግ አወጣ። ደግ አደረገ፤ ይሁን እንጂ ያን ቀን የተሳሳተው አዋቂው ነው።

የአውሮፕላኗ የክብደት ወሰን 2,500 ፓውንድ ነው፤ ስትነሳ 2,596 ገደማ ነበረች። አንድ ጋሎን የአውሮፕላን ቤንዚን 6 ፓውንድ ስለሚመዝን ትርፉ 16 ጋሎን ማለት ነው፤ ያን ያህል አጉድሎ መቅዳት ይቻል ነበር። ሜዳው 6,156 ጫማ ላይ ይገኛል። በዚያ ጠዋት ሙቀትና ግፊት ሲታሰብ አየሩ እንደ 6,670 ጫማ አየር ሳስቶ ነበር፤ ፓይለቶች ዴንሲቲ አልቲትዩድ የሚሉት ይህንን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጉዞው የተጀመረው ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ሜዳ፣ ከካሊፎርኒያዋ ሃፍ ሙን ቤይ ነው። በሻያን ከእነሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የተነሳ ባለ ሁለት ሞተር ሴስና ነፋሱ ፍጥነቱን በ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል) ከፍ ዝቅ እንዳደረገበት በሬዲዮ ተናግሮ ነበር።

እኛን ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀን ታኮው፣ ማለትም የቆመ አውሮፕላን እንዳይንከባለል ጎማ ሥር የሚደረገው ሽብልቅ ነው። አስተማሪው ሞተሩን ሲያስነሳ ታኮው ገና ከፊት ጎማው ሥር ነበር፤ አጥፍቶ ማስነሳት ግድ ሆነበት። ታኮ መርሳት በራሱ ማንንም አይገድልም። የቸኮለ፣ የደከመ፣ ልቡ ቀድሞት የሄደ ሰው ግን የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ነገር ነው። እዚያው ላይ «ቡና እንጠጣ፣ ደመናው ይለፍ» የሚል አልተገኘም።

በእኛ ዘንድ ይህ ነገር ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ፈቃድ ያገኘ ልጅ መጀመሪያ ለበረራ የሚያወጣው እናቱንና አጎቱን ነው፤ ዘመድ ካሜራ ይዞ ይሰለፋል፣ ሻንጣ ይጫናል። የ19 ዓመት ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ክብደት አልፏልና እርስዎ በሚቀጥለው ዙር» እንዲል ማንም አላለማመደውም። ስለዚህ ሥልጠናው ውስጥ ሚዛን ይኖራል፤ ዘመድም ተጋብዞ እየወጣ ይመዘናል። ልጁ አፍ አውጥቶ እምቢ እስኪል ድረስ ይደጋገማል።

ሲሙሌተሩ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራው የበረራ ማስመሰያ ላይ የሚሠራው የሻያን መነሻ ራሱ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሚክስቸሩ (ከአየር ጋር የሚቀላቀለውን ቤንዚን የሚመጥነው ዘንግ) እስከ ጥግ ተገፍቶ ይነሳሉ፤ የባሕር ዳር ልማድ ነው። በስስ አየር ግን ቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ ይታነቃል። በሁለተኛው ዙር ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ከፍተው ሚክስቸሩን ቀስ እያሉ ይስባሉ፤ የሞተሩ ሽክርክሪት ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ትንሽ ይመልሱታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ መጠምዘዝ ይመጣል። ክንፉ 30 ዲግሪ ሲጋደል የስቶል ፍጥነት 7 በመቶ ይጨምራል፣ በ45 ዲግሪ 19 በመቶ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን መሬቱ በፍጥነት ስለሚያልፍ ዓይን «በቂ ፍጥነት አለ» ብሎ ይዋሻል፤ መታመን ያለበት የፍጥነት መለኪያው ነው።

ሒሳቡንም በእጃቸው ይሠሩታል። እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ያለው የሴንቴኒያል አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ 5,885 ጫማ ላይ ነው፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አየሩ የ9,300 ጫማ ያህል ይሆናል። አገር ቤት ገብቶ መብረር ለሚመኝ ደግሞ ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ በ22 ዲግሪ 10,300 ይጠጋል።

ወጪው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር፣ ሦስት ስክሪን፣ መሪ፣ የእግር ፔዳልና ሚክስቸር ያለው የስሮትል ሳጥን 3,450 ዶላር፤ ለአስተማሪ የ48 ሰዓት የምድር ትምህርት 3,360፤ ሁለት ሚዛን 160፤ በሞቃት ከሰዓት ከአስተማሪ ጋር ለሚደረግ የ12 ሰዓት በረራ 3,120። ድምሩ 10,090 ሲሆን 2,700 በእጃችን አለ፤ የቀረው 7,390 ነው። አዳራሹ ያለ ኪራይ ተፈቅዶልናል።

በግል፣ በእድር ወይም በእቁብ ደረጃ መስጠት ይቻላል፤ የማኅበረሰብ ማዕከሉ ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ይቆርጣል። ገንዘብ ባይኖርም የማትጠቀሙበት ስክሪን ወይም ቢያንስ 8 ጊጋባይት የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ካላችሁ እንቀበላለን። የበረራ መካኒክ የሆናችሁ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን ደግሞ ሚክስቸር ሲበዛ ሻማው እንዴት እንደሚጠቁር ለልጆቹ በእጅ ታሳዩልናላችሁ።

ማሰባሰቡ ሜይ 31 ይዘጋል። ገንዘቡ ካልሞላ የምንቀንሰው ከበረራው ሰዓት ነው፤ ሚዛኑና የምድሩ ትምህርት አይነኩም።