ያገለገለ ኦርጂናል ሲዲ ከኮፒ ጋር አይቆጠር፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያገለገሉ የቪዲዮ ጌም ሲዲዎችን ዳግም መሸጥን ይመለከታል

ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቼ ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ዛሬ ለስልክ የሚሆኑ ጌሞችን እሠራለሁ፤ ስለዚህም ይህን የምጽፈው የሻጩንም የሠሪውንም ሒሳብ አውቄ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ያገለገለ ጌም መሸጥ በሕግ ይከልከል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ቅሬታቸው ግን መሠረት የለሽ አይደለም። አንድ ኦርጂናል ሲዲ አምስት ጊዜ እጅ ቢቀይር ሠሪው የሚያገኘው ከመጀመሪያው ሽያጭ ብቻ ነው፤ ጌም ደግሞ እንደ ጫማ ስለማያልቅ፣ ሲዲው እስካልተጫረ ድረስ አምስተኛው ገዢ የሚጫወተው የመጀመሪያው የተጫወተውን ያንኑ ነው። ይሁን እንጂ እኔ በየዓመቱ አዲሱን የእግር ኳስ ጌም እገዛ የነበረው ያለፈውን ዓመት ሲዲ ሸጬ፣ የጎደለውን ከኪሴ ጨምሬ ነበር። አሮጌውን መሸጥ ባይቻል ኖሮ ኮፒ ፍለጋ እሄድ ነበር፤ ከኮፒ ደግሞ ሠሪው አንድም ጊዜ አያገኝም።

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ሥራን በሽያጭ ወይም በኪራይ የማሰራጨት መብትንም ለባለመብቱ ይሰጣል። ባለሥልጣኑ ይህ መብት ሲዲው በሕጋዊ መንገድ አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ዳግም ሽያጭን እንደማይከለክል በመመሪያ በግልጽ እንዲያስቀምጥ እጠይቃለሁ። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 የጌም ኩባንያዎችና ያገለገለ ጌም ሻጮች በተሟገቱበት ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው፤ ጃፓንም ጌም መሥራቷን አልተወችም። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2013 ኤክስቦክስ ዋን በተባለው የጌም ማጫወቻው (ኮንሶሉ) ያገለገሉ ጌሞች ላይ ሊጥል ያሰበውን ገደብ ከተጫዋቾች በደረሰበት ተቃውሞ ኮንሶሉ ገበያ ሳይወጣ ሰርዞታል።

ከኢንተርኔት የሚወርደው ጌም ግን ሌላ ነው። የፓሪስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ስቲም የተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ደንበኞች የገዙትን ጌም መልሰው መሸጥ ይችላሉ ቢልም፣ ይግባኝ ሰሚው በ2022 ሽሮታል፤ ሰበር ሰሚውም በ2024 ሽረቱን አጽንቷል። እዚህ ላይ ዳግም ሽያጭ ይፈቀድ ብዬ አልከራከርም፤ ፋይል ሲሸጥ ከሻጩ እጅ መውጣቱን ማረጋገጥ ከባድ ነውና። ቢያንስ ግን ገዢው የሚከፍለው ለባለቤትነት ሳይሆን ለመጠቀሚያ ፈቃድ መሆኑ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ የካሊፎርኒያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሻጮች ላይ የጣለው ግዴታም ይኸው ነው።

ስለ ኪራይም አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ደንበኞቼን በጨዋታ ሳስከፍል፣ ፈቃድ ያስፈልገኝ እንደሆነ ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። የጌም ሠሪ ገቢ ያሳስበናል ካልን፣ ሲዲውን አንዴ ሸጦ ከሚለየው ወጣት ይልቅ በአንዱ ሲዲ ቀኑን ሙሉ የሚያስከፍለው እንደ እኔ ያለው ነጋዴ መጠየቅ ነበረበት። ስለዚህ መመሪያው ሲረቀቅ ለፕሌይስቴሽን ቤቶች አቅማቸውን ያገናዘበ ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ መጣል ይቻል እንደሆነ እንዲጠና፣ በጥናቱም የቤቶቹ ባለቤቶችና የአገር ውስጥ ጌም ሠሪዎች አብረው እንዲጠሩ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ጌም ሠሪ፣ ከአዲስ አበባ