ቢኒ፣ ኪሎው የት ገባ?

ይድረስ ለወንድሜ ለቢኒ፤ ሐዋሳ

እንደምን ከረምክ? እናታችንስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ዝም ያልኩት ተቀይሜህ አይደለም። የመኪናው ነገር እዚያው ቀርቷል፣ አንተም አታንሳው። ለጠፋሁት ይቅር በለኝ፤ በዚህ ይለፍ።

የጻፍኩልህ እህትህ በላከችልኝ ፎቶ ምክንያት ነው፤ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያው ጋ የተነሳኸው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሸንበቆው ሥጋ ለበሰ ብዬ። ደግሜ ሳየው ግን ጉንጭህ አብጧል፣ ሆድህ የሸሚዙን ቁልፍ ወጥሮታል፤ ክንድህ ያው የድሮው ነው፣ እጅጌው ውስጥ ይዋኛል። «በሁለት ወር ዘጠኝ ኪሎ ጨመረ፣ ጂም ተስማማው» ትለኛለች እህትህ። ዘጠኝ ኪሎው የት ገባ? እሱ ነው ያሳሰበኝ። ሌላም የምጠይቅህ ነበር… ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

ጀማሪ ወንድ ሁሉም ነገር ቢሰምርለት በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጡንቻ ቢሠራ ነው። ከአንድ ኪሎ ጡንቻ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ 200 ግራም ያህል ቢሆን ነው። ለዚህ ሥራ ሰውነት የሚፈልገው ተጨማሪ ምግብ ትንሽ ነው፤ የተረፈው ስብ ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በየቀኑ ከምታቃጥለው 1,000 ካሎሪ አስበልጠህ ብትበላ፣ በስምንት ቀን ያንን ያህል ጉልበት አጠራቀምክ ማለት ነው። እንጀራና ዳቦ ሲበዛ ሰውነት እነሱን ቀድሞ ያቃጥልና ዘይቱንና ቅቤውን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የጨመርከው አንድ ሁለት ኪሎ ግን ስብም ጡንቻም ላይሆን ይችላል። ጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀም እያንዳንዱ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይገባል።

«አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እንደኔ እየበላ ቦርጭ አላወጣም» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ መቼም ክርክር አትተውም። እ.ኤ.አ. በ1990 ውጤቱ የታተመ የካናዳ ጥናት አለ። 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች፣ ሁሉም ወንዶች፣ ስፖርት ሳይሠሩ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በድምሩ ለ84 ቀን፣ በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ በሉ። ትርፉ ለሁሉም እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ 4.3 ኪሎ ሲጨምር ሌላው 13.3 ጨመረ፤ መንትዮቹ ግን እርስ በርስ ይቀራረቡ ነበር። በአማካይ ከጨመሩት ሁለት ሦስተኛው ስብ ነበር። ስለዚህ የሰውን ሰሃን አይተህ አትብላ።

ፕሮቲን ብቻውንም አያድንህም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች ለስምንት ሳምንት ከሚበቃቸው በላይ ሲበሉ፣ ፕሮቲን ያነሳቸውም የበዛላቸውም የጨመሩት ስብ ተቀራራቢ ነበር። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ፕሮቲን በጣም ያነሳቸው፣ ያን ሁሉ እየበሉ፣ ስብ ያልሆነው ሥጋቸው ቀነሰ። ፕሮቲኑ የግድ ነው፤ ትርፉን ወደ ጡንቻ የሚጠራው ግን ክብደት ማንሳት ነው።

እህትህ እንደነገረችኝ የምትሠራው ደረትና ክንድ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ጡንቻዎች እግርና ጀርባ ላይ ናቸው፣ እነሱን ትተህ ኪሎ አትጠብቅ። ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ)፣ ክብደት ወደ ሰውነት የሚጎተትበት የጀርባ ሥራ፣ ቤንች ፕረስ (ተንጋሎ ክብደት ከደረት ወደ ላይ መግፋት)፣ የትከሻ ፕረስ (ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) ያዝ። እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል በሳምንት ሁለቴ፣ በድምሩ አሥር ዙር ያህል ሥራ። በአንድ ዙር ከ6 እስከ 12 ጊዜ አንሳ፤ ሌላ አንድ ሁለት ጊዜ የማንሳት አቅም ሲቀርህ አቁም። 12ቱን ሳትንገዳገድ ስትጨርስ 2.5 ኪሎ ጨምርና በደብተር ጻፈው። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሳያድግ ወገብህ ካደገ ምግቡ የት እንደሄደ ታውቃለህ።

አሁን 68 ኪሎ ነህ አሉኝ። እንግዲህ ለአሁኑ ትርፉን አቁም። አትራብ፣ አትክሳም፤ ኪሎህ ባለበት ይቁም። ያጠራቀምከው ስብ ራሱ ጉልበት ስለሆነ፣ ጀማሪ ሰው ትርፍ ሳይበላም ጡንቻ ይሠራል። ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.6 ግራም፣ ላንተ በቀን 110 ግራም ገደማ፣ በሦስት አራት ማዕድ ተከፍሎ። አጠገብህ ሐይቅ አለልህ፤ 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ ዓሣ 26 ግራም ፕሮቲን ይሰጥሃል፣ ካሎሪው ደግሞ 130 ቢሆን ነው። ዘይት ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ግን ሂሳቡ ይቀየራል፤ ሾርባውን እዘዝ። እንቁላል አንዱ 6 ግራም አለው። በጾም ምስር ላይ በርታ፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ፕሮቲን አለው፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ደግሞ 7 ያህል። ከእንጀራው ወጡን አብዛ።

ወገብህ ሲረጋ 300 ካሎሪ ትጨምራለህ፤ አንድ መካከለኛ አቮካዶና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ማለት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። አሁን ያለው ትርፍ ከየት እንደመጣ ደግሞ ይታየኛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ጥብሱ ላይ እጅ እንዳመጣ ሲፈስ አምስት ማንኪያ ይሆናል። በዚያ ላይ ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ ስትጨምርበት፣ እያንዳንዱ 125 ያህል ስለሆነ፣ ወደ 1,000 ተጠጋህ።

ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምስ ተመዘን፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ አማካዩን ያዝ። ትርፉን ከጀመርክ በኋላ በሳምንት ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃል። ወገብህን በየሁለት ሳምንቱ እምብርትህ ላይ ለካ፣ ሆድህን ሳትስብ።

አሁን ያቆየሁትን ልጠይቅህ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ነው እስከዚህ የዞርኩት። ቢኒ፣ የሚያወፍር ኪኒን ሰጥተውሃል? ጉንጭ ሞልቶ ክንድ ባለበት ሲቀር ምግብ ብቻ አይመስለኝም። ካለ ማሸጊያውን ገልብጠህ ስሙን አንብብ። ሳይፕሮሄፕታዲን ከሆነ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍም ይልሃል፣ ጡንቻ ግን አይሠራም። ዴክሳሜታሶን ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚመስል ስቴሮይድ ነው፤ ስብን ፊትና ሆድ ላይ ይከምራል፣ የእጅና የእግር ጡንቻን ያሟሽሻል፣ የደም ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። አንተ ደግሞ ክብደት እያነሳህ የምትገነባውን እሱ ከሥር ያፈርሰዋል።

ይህን ስታነብ ደንግጠህ ኪኒኑን እንዳትጥለው! ለሳምንታት ወስደኸው ከሆነ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችህ የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ቀንሰው ይሆናል። በድንገት ስታቆም ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ያሰጋል። ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ማሸጊያውን ይዘህ፣ ስንት ቀን እንደወሰድክ ሳትደብቅ ንገረው፤ መጠኑን እየቀነሰ ያወጣሃል። ስኳርህንና ግፊትህንም እዚያው ተለካ። ካፈርክ ቅዳሜ መጥቼ አብሬህ እገባለሁ፣ ከአዳማ ሐዋሳ ሩቅ አይደለም። ኪኒን ከሌለ ደግሞ «የለም» ብለህ ዛሬውኑ ላክልኝ፣ ልረፍ።

ለእናታችን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዘይቱን በማንኪያ እየሰፈሩ ይጨምሩ የሚለውን ግን አንተ እንዳትነግራቸው፣ ምግቤን ናቀ ይላሉ። እኔ ደውዬ አስረዳቸዋለሁ።

ወንድምህ፣ ከአዳማ