ጎዟ አንድ ጎደለች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ስለ ሕክምና ስሕተት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «ቸልተኛ ሐኪም ይቀጣ» ነው ነገሩ። ይቀጣ፣ ማን ጠላ። ግን ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝና፣ ቸልተኛ ያልሆነ ሰውም እንዴት እንደሚሳሳት ልንገራችሁ።

አንድ ሌሊት ሦስተኛው ድንገተኛ ኦፕሬሽን ላይ ነን። ሆድ ሊዘጋ ሲል ጎዝ (ደም የሚመጠጥበትን ጨርቅ) ቆጠርኩ፣ አንድ ጎደለች። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ሐኪሙ እጁ የተባረከ ሰው ነው፣ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው፤ «ሲስተር፣ መጀመሪያ ስትቆጥሪ ተሳስተሽ ይሆናል» አለና መርፌውን ተቀበለ። እውነቱን ልናገር? እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ልል ነበር። ያተረፈን የሰመመን ባለሙያው ነው። «ዶክተር፣ እስክትገኝ ባንዘጋስ?» አለ። ደም ጠጥታ አንጀት ሥር ተለጥፋ ተገኘች።

በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኢሌን ብሮሚሊ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ለሳይነስ ኦፕሬሽን ገብታ፣ ሰመመን ከተሰጣት በኋላ አየር አልገባ አላት። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ሲታገሉ ደቂቃው ነጎደ። አንዷ ነርስ ጉሮሮ ተበስቶ አየር የሚሰጥበትን ዕቃ አምጥታ ነበር፣ ዕቃውን ልብ ያለው ግን አልነበረም። ኢሌን ከ13 ቀን በኋላ አረፈች። ባሏ ማርቲን የአውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ምን መደረግ እንዳለበት ያወቁት ነርሶች ለምን ደፍረው መናገር አቃታቸው ብሎ ጠየቀ። አብራሪዎች ዘንድ ረዳቱ ዋናውን አብራሪ አስቁሞ እንዲናገር ይሠለጥናላ!

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ኦፕሬሽን ላይ ስሕተት እንዳይፈጠር የሚሞላ 19 ነጥብ ያለው ቼክሊስት እኛም ጋ አለ። ታንዛኒያን ጨምሮ በስምንት አገር ሲሞከር ከኦፕሬሽን በኋላ የሚሞተው ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። እኛ ግን ስንት ጊዜ ታካሚው ከወጣ በኋላ ቲክ ቲክ አድርገን ፋይል ውስጥ ከተነዋል (እኔም አለሁበት)። ከነጥቦቹ አንዱ ሁሉም ስሙንና ሥራውን ይናገር ይላል። «ስንት ዓመት አብረን ሠርተን!» ተብሎ ይሳቅበታል። ግን መጀመሪያ ላይ አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው፣ ኋላ ጎዝ ስትጎድል መናገር አይከብደውም።

የዚያን ሌሊቱ ሐኪም ዛሬ ከመዝጋቱ በፊት ዞር ብሎ «ሲስተር፣ ሞላ?» ይለኛል። ሳልመልስለት መርፌ አይቀበልም።

አንዲት የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፣ ከአዲስ አበባ